አረፋ ይወጣል

ያን ሌሊት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤
ስሜ አሌያማ፣ ከኬረላ መጥቼ እዚህ የሰነበትኩ።
ክረምት ነው። ዝናቡ ከፋብሪካው ጢስ ጋር ተጋብቶ
በአንክሌሽዋር ጣሪያ ላይ ይወርዳል፣ አፍንጫ ሞልቶ።

ኡርሚ ወለደች፣ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት፤
ወንድ ልጅ፣ ሦስት ኪሎ፣ ሳምባው የብረት።
ሰዓቱን ጻፍኩ። ጽፌ ሳልጨርስ
ደሙ ቀደመኝ፣ ከአልጋው ጠርዝ ጫማዬ ድረስ።
ሲወልዱ ማህፀን እንደ ቡጢ ይጨበጣል፤
የእሷ ግን መዳፉን ዘርግቶ ተኝቷል።

ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። አንዲት ብልቃጥ፣
ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ፣
አንገቷ ላይ ሰማያዊ ነጥብ፤
ውስጧ ያለው የአንድ ሰው ድርሻ፣ ለሁለት የማይታሰብ።
ነጥቧን በአውራ ጣቴ ይዤ ልሰብራት ስል
አንድ እጅ ነጠቀኝ ከጎኔ፣ ጭልፊት ጫጩት እንደምትነጥል።

እናቷ ናት፣ ሬቫበን። ጥግ ላይ ቆማ
ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿ እንኳ ያልተሰማ፣
ባሏ የሞተባት፣ ነጭ ሳሪ የለበሰች።
ስሟ የናርማዳ ወንዝ ሁለተኛ ስሙ ነው፤
ጎርፋ ግን አታውቅም። የዚያን ለት ነው የጎረፈችው።
«ሴትዮ!» አልኳት፣ በሂንዲም፣ በእናቴ ቋንቋም ጭምር፤
ስድብም አስከተልኩ፣ ገና ለቄሴ ያልነገርኩት ነገር።

አልሰማችኝም። ብልቃጧን አንዴ ገለበጠቻት፣
መለሰቻት፣
በነጩ ሳሪዋ ፊት ያዘቻት። ከንፈሯ ይቆጥራል፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ደሙ ይወርዳል።
ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጥቁሩ ሌሊት፦
አንድ፣ ሁለት…
በመቶ ዓመት ዕድሜ ላይ እንዲህ የረዘመ አምስት የለበት።

ግንባሯ ተቋጠረ።
እኔም አየሁት፤ ከታች በኩል ብልጭ ያለ ነገር ነበረ።

ጠበቀች።
ቅንጣቷ ተነሳች፣ ወደ ላይ ወጣች።
«አረፋ ናት፣» አለች፤ «ስበሪያት።» መለሰች።

ቀጭ።
ቀዳሁ፣ ጭኗን ወጋሁ፣ ሆዷን አሸሁ፣ አሸሁ፤
ከእጄ ሥር ያ የተዘረጋው መዳፍ ቀስ እያለ
ጣት በጣት ሲታጠፍ ተሰማኝ። ያኔ ተነፈስኩ።

ጎህ ሲቀድ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ
ነገረችኝ፣ እኔን ሳይሆን ወለሉን ስታይ፦
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከአምፑል ሥር አምፑል ስታገላብጥ፣
ነጭ ሰሌዳ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ዓይኗ እስኪቀልጥ።
«የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩን ይኸው ነው፦
ስባሪ ይወርዳል፣ ክር ይዋልላል፣ አረፋ ይወጣል።
የወረደውን ጣሉ፣ የዋለለውንም፤
የወጣው ይለፍ። ከዚህ ሌላ አልተማርኩም።
ስንት ሺህ እንዳለፈ በእጄ አላውቅም፣
ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።
በወዲያኛው ጫፍ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ፤
መስታወት ነው የማየው። መስታወት ብቻ።»

«ታዲያ ደሟ እየፈሰሰ ለምን አቆየሽን?» አልኳት፤
ንዴቴ አልበረደም፣ ጉልበቴም ይንቀጠቀጣል።
ብዙ አሰበች።
«እጄ ነው፣» አለች። «እኔ አይደለሁም።»

ያቺን የተሰበረች አንገት ስጪኝ ብላ ለመነችኝ።
ሕጉ አይፈቅድም። ቢጫው የስለት ሳጥን ውስጥ
ሌሎቹ መቶ አንገቶች ላይ ተኝታለች፣
ማን ማንን እንዳዳነ የማይለይበት።
በሁለት ሰዓት ፈረቃ ነበራትና ተነሳች፤
ጫፉ ላይ የልጇ ደም ባለበት ሳሪ፣
ዝናቡ ውስጥ ገብታ፣ ጃንጥላ ሳትዘረጋ ሄደች።

እኔም ከዚያ ወዲህ፣ ሰው እያቃሰተ፣ ሐኪሙ እየጮኸ፣
ብልቃጧን ከመስበሬ በፊት ወደ መብራቱ አነሣለሁ።
አምስት አልችልም። ሁለት እቆጥራለሁ።
እስካሁን ያየሁት አረፋ ብቻ ነው።